እኛ ዘንድ ማን ተከልክሎ ያውቃል!

እናንት የኔ ቢጤዎች፣ ጉልበታችሁ የደከመ አፋችሁ ግን ያልደከመ፣ የዚህን ዘመን ጉድ ቁጭ ብላችሁ እንድታዩ የተፈረደባችሁ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ባለፈው ቅዳሜ ምን አገኘኝ መሰላችሁ? ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ድሮ ጉልበቴን የማሳርፍባትን ድንጋይ ይህ ኮሪደር የሚሉት ነገር ጠርጎ ወስዷታል። በምትኳ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠዋል፤ እኔ ግን በማላውቀው ወንበር ላይ አልቀመጥም። እንዲህ እያዘገምኩ አንድ አዲስ ካፌ አየሁ፤ ግድግዳው መስታወት፣ በሩ መስታወት፣ ጣሪያውም ሳይቀር መስታወት መሰለኝ። አንድ ሻይ ፉት ብዬ ልሂድ ብዬ ሰባቱን ደረጃ እየቆጠርኩ ወጣሁ። ዘበኛው፣ ይቅርታ፣ ዛሬ «ሴኪዩሪቲ» ነው የሚባለው፣ እጁን ዘረጋና «አባባ፣ በጋቢ አይገባም፤ ዱላም ክልክል ነው» አለኝ።

በጋቢ አይገባም! ይህ ጋቢ እኮ ባለቤቴ ሁለት ክረምት ሙሉ ፈትላ፣ አዲስ አለም ወስዳ ያሸመነችው ነው። የዳባትን ውርጭ፣ የደባርቅን ጭጋግ የቻለ ጋቢ ነው። ለቅሶ ደርሼበታለሁ፣ ሽምግልና ተቀምጬበታለሁ፣ ሦስት ልጆቼን ድሬበታለሁ። ጢም ያላበቀለ ልጅ እንዲህ በአንድ ቃል ሲመልሰው አያችሁልኝ? የባሰው ደግሞ ገና ነው። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ አንድ ፈረንጅ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ምን ለብሶ ብትሉኝ፣ ጋቢ! ያውም ከቱሪስት ሱቅ የተገዛ፣ ጥለቱ የተዘቀዘቀ። አስተናጋጇ አጎንብሳ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ትለዋለች።

እኔ በመንገድ ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ትንሽ ብቻ ጮህኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የልጅ ልጄ ማራኪ ካምፓስ ሕግ ትማራለች። በኛ ጊዜ ሕግ የሚማረው ሽማግሌ ነበር፣ ያውም ዋርካ ሥር ተቀምጦ እየተከራከረ፤ አሁን ልጃገረድ ስልክ ላይ ትማረዋለች። ይሁን። የደረሰብኝን ነገርኳትና «ይህን ሰውዬ የሚያስቀጣ አንቀጽ አውጪልኝ» አልኳት። ስልኳን በጣቷ እየጠረገች «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 አለ፣ አባባ» አለች። ዘር፣ ብሔር፣ ቀለም፣ ፆታ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ፖለቲካ፣ ሀብት፣ ትውልድ እያለች ቆጠረችልኝ።

«ጋቢስ?»

«ጋቢ የለበትም። መጨረሻው ላይ ግን ‹ወይም በሌላ አቋም› ይላል።»

«እንግዲያ እኔ ሌላ አቋም ነኝ!» አልኩ። በ1987 ይህን ሲያረቅቁ ያቺን ቃል ያስገባት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ገንቦ ጠላ እልክለት ነበር።

እሷ ግን ሳቀች። ያ አንቀጽ ከሁሉ በፊት መንግሥትንና ዳኛን ነው የሚያስረው፣ ባለካፌው ደግሞ አንቀጽ 41ን ይጠቅሳል፣ በመረጠው ሥራ መተዳደር መብቱ ነው፣ «ቤቱ የኔ ነው» ይላል እያለች ታብራራልኝ ጀመር። ለማን እንደምትሟገት ግራ ገባኝ። በኋላ አንድ ሌላ አዋጅ አገኘችልኝ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይባላል። አንቀጽ 14 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ዋጋ ስለጠየቀና ስለተከራከረም ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ጎበዝ! ትህትና በአዋጅ! ቁጥር ተሰጥቶት! እናቶቻችን ያለ አንቀጽ ነበር እግር የሚያጥቡት። መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ካለ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል መደብ ይነጠፍለታል። ዛሬ ሆቴል ሲገቡ መታወቂያ፣ ስልክ ቁጥር፣ ቅድሚያ ክፍያ።

ደረጃውንም ነገርኳት፣ ሰባቱን። ለእሱም አዋጅ አለው አለችኝ፤ የሕንፃ አዋጅ፣ ሰው የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ያዝዛል። አንድ እግሩን ያጣ ጎረቤት አለኝ፤ እሱን እዚያ ካፌ የሚከለክለው ዘበኛ አያስፈልገውም ማለት ነው፣ ደረጃው ሥራውን ይሠራል። ይህን ያነሣሁት ለእሱ አዝኜ ነው እንጂ የኔ ጉልበትስ ደህና ነው።

በኛ ጊዜ ግን፣ ወገኖቼ፣ በኛ ጊዜ ማን ተከልክሎ ያውቃል! ጎንደር የፍቅር አገር ነበረች። ሁሉም ከሁሉ ጋር ይበላ ይጠጣ ነበር።

አራዳ አንዲት ባለጠጅ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና እንደሷ ያለ ሰው አይፈጠርም። የሷ ቤት ለሁሉ ክፍት ነበር። እርግጥ እሁድ ቅዳሴ ያላስቀደሰ አይገባም። ሚስቱን የመታም አይገባም። ብርሌ በግራ እጁ የሚያነሣም እንዲሁ። አንድ ሰውዬ ደግሞ ነበር፣ አባቱ በእናቷ ርስት ላይ በሐሰት መስክሯል ተብሎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ብርሌ ሳይቀምስ ሞተ። ግን አከለካከሏን ብታዩ! በር ላይ ዘበኛ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ሰውዬው ሲገባ ከመቀመጫዋ ትነሣለች፣ ጤናውን ትጠይቃለች፣ የከብቶቹን ደኅንነት ትጠይቃለች፣ ከዚያ «ምነው ዛሬ መጣህ የኔ ጌታ፣ ጠጁ ገና አልደረሰም» ትለዋለች። በዙሪያው ሃያ ሰው ያንኑ ጠጅ እየጠጣ! ሰውዬውም «እግዜር ያድርሰው» ብሎ ይወጣል። ያኔ መከልከል ራሱ ቅኔ ነበር። ሰሙ ጠጅ፣ ወርቁ ርስት። የዛሬው ልጅ ሰም የለው፣ ወርቅ የለው፣ «አይገባም» ብቻ።

ዛሬማ መንግሥት ራሱ ከልክሉ ይላል። አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥ አትሽጡ ብሏል። እኔ በሰባት ዓመቴ ለአባቴ ጠላ እየቀዳሁ ስመላለስ፣ ጣሳ የተሰቀለበትን ደጅ ሁሉ አውቅ ነበር፣ በመንገድ ላይም ቅመስ ቅመስ አደርግ ነበር፤ ምን ሆንኩ? አንዱ ሕግ አስተናግድ ይላል፣ ሌላው አታስተናግድ ይላል፤ መሀል ላይ እኔ በጋቢዬ ቀረሁ።

የወለቃን ነገር ላንሣላችሁ። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ ያለው መንደር ነው። ፈላሻ እንላቸው ነበር፤ አሁን ቤተ እስራኤል በሉ ተብሏል፣ እሺ ቤተ እስራኤል። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የናቴ ምጣድ፣ የናቴ ድስት፣ የናቴ ጀበና ሁሉ ከዚያ የመጣ ነበር። አቤት ያ ጀበና! እጃቸውን አንጨብጥም ነበር እንጂ ሸክላቸውስ ልዩ ነበር። ያ ሕዝብ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር፣ ቡዳ ነው ይባል ነበር። እኔ በዚህ አላምንም፤ በልጅነቴም አላመንኩም። አንገቴ ላይ ያለውን ክታብ ያሠረችልኝ እናቴ ናት፣ እስከ ዛሬ ያልፈታሁትም ለሷ መታሰቢያ ብዬ ነው።

ከነሱ አንድ ልጅ ጓደኛዬ ነበር። አባቱ ማረሻ ሲያመጣ አብሮት ይመጣል፣ እኛ ደጅ አብረን ጢብ ጢብ እንጫወታለን። ሲጠማው እናቴ ራሷ፣ አዎ ራሷ፣ ሥራዋን ትታ ትወጣና ከቅል ወደ እፍኙ ታፈስለት ነበር። ለኔ እንኳ እንዲህ አድርጋልኝ አታውቅም፤ እኔ በዋንጫ ቀድቼ እጠጣለሁ። ከፍ አድርጋ፣ ቅሉ እንዳይነካው ተጠንቅቃ፣ ጠብታ ሳይፈስ! ምን ያህል ብትወደው ነው። እነሱስ ቢሆኑ አትንኩኝ ይሉ አልነበር? ከኛ ጋር ተነካክተው የዋሉ እንደሆነ ቤታቸው ሳይገቡ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። እንግዲህ እኩል ነበርን ማለት ነው፤ እኛም አንነካቸው፣ እነሱም አይነኩን። ከዚህ የበለጠ እኩልነት የትኛው አንቀጽ ያመጣል?

ከእስላሙ ጋርማ ወንድማማች ነበርን። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 እዚሁ ጎንደር ጉባኤ ጠርተው እስላሙም ፈላሻውም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር ብለው ቆርጠዋል፤ አዲስ አለም ድሮ እስላም ቤት ይባል የነበረውም ለዚሁ ነው። ግን ሰው ከሰው ይለያል? ሠርግ ስንደግስ የእስላሙ ድንኳን ለብቻው ይተከላል፤ አራጁ ከራሳቸው መጥቶ ባርኮ ያርዳል፣ ወጡም በሌላ ድስት ይሠራል። ሁለት በሬ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ እልልታ። እኛ የነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የኛን፤ ግን «አልበላልህም» ተብሎ የተቀየመ የለም። ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። የዛሬ ልጆች አንድ ሳህን ሽሮ ከበው ሁሉም በየስልኩ አቀርቅሮ ይበላል፤ ማን እስላም ማን ክርስቲያን እንደሆነ እንኳ ሳይጠያየቁ!

በጣና ዳርም ወይጦዎች አሉ። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ በታንኳቸው ተሳፍረን ገዳም ተሳልመናል። ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ማዕድ አንቆርስም ነበር እንጂ ታንኳቸው ላይ ስንቀመጥ አንድም ቀን ከፋን ብለን አናውቅም።

አያችሁ? ማን ተከለከለ?

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ «አባባ፣ እንግዲያ አፄ ምኒልክ ለምን አዋጅ አወጡ?» አለችኝ። እውነት ነው፣ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። ብረት ሲሠራ ጠይብ፣ ሸማ ሲሠራ ሸማኔ፣ ቆዳ ሲሠራ ፋቂ እያላችሁ ሠራተኛውን የምትሰድቡ ተዉ፤ የማይተው አንድ ዓመት ይታሰራል ብለው ነበር። መልካም አዋጅ ነው፣ ጃንሆይ ምን ይሳሳታሉ! ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ መንገዱ ተበላሽቶ መሰለኝ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ገና አልደረሰም ነበር።

ጣልያን ግን ወዲያው ነው ያደረሰው። አባቴ ሲያወራ፣ ያ ፒያሳ ላይ ያለው ሲኒማና ፖስታ ቤት በነሱ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በቆዳ ቀለም ለይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጡት ሕግማ ለ«አገሬው» በተከለለ ቤት የሚያዘወትረው ጣልያን ራሱ ይቀጣ ነበር። አስቡት፤ ባለጠላዋ «ግባ የኔ ልጅ» ብትለው እንኳ ሕጉ «አትግባ» ይለዋል። እግዜር ይመስገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 እዚሁ ጎንደር ላይ እጃቸውን ሰጡ። አባቴ በዚያ ሳምንት ሲኒማ ቤቱ ገብቶ ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ወጣ፤ ፊልም የለ፣ ምን የለ፣ ቁጭ ብሎ ብቻ ወጣ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ፣ ወደ ወለቃው። በግንቦት 1983 በዚያ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከጫኑት አውሮፕላኖች በአንዱ እስራኤል ሄደ። ባለፈው ዓመት መጥቶ ጠየቀኝ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ አማርኛው ግን የድሮው ነው፤ የዛሬ ልጆች የማያውቁትን ቃል ይናገራል። መጀመሪያ ወለቃ ሄዶ ነበር። ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ አሁንም በየደጁ ተስሏል፣ ሸክላውም ይሸጣል፣ ሻጮቹ ግን ሌሎች ናቸው። ተወልዶ ባደገበት መንደር የናቱን ዓይነት ጀበና በፈረንጅ ዋጋ ሸጡለት። የፋሲል ግቢ መግቢያም እንደዚያው ነው፣ ለውጭ አገር ሰው ዋጋው ሌላ ነው። ይህ አድልዎ አይደለም፣ ገቢ ነው።

ቡና እየጠጣን «እዚያስ እንዴት ናችሁ?» አልኩት። ደህና ነን፣ ልጆቹ ወታደርም ሐኪምም ሆነዋል አለኝ። ማታ ጭፈራ ቤት ሲሄዱ ግን በር ላይ ያለው ሰው ቆዳቸውን ያይና «ዛሬ የግል ድግስ ነው» ይላቸዋል። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ አለ፤ ዕቃ ሻጩም፣ አገልግሎት ሰጪውም፣ ጭፈራ ቤቱም በዘር ወይም በትውልድ ለይቶ መከልከል አይችልም፤ የከለከለ ይከሰሳል፣ ካሳ ይከፍላል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያኑን ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ ወደ ሌላ ሥራ አዛወራቸው፤ አይሁድነታቸው ያጠራጥራል፣ ከነኩት ወይኑ ይረክሳል ያሉ ረቢዎች ስለነበሩ ነው። አገር ሲጮህ ነው የተመለሰው።

እኔ በቁጣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «እንዴት ያሉ አረመኔዎች ናቸው! ሰው ነክቶት ወይን ይረክሳል? እዚህ ብትሆኑ ማን እንዲህ ያደርጋችሁ ነበር? እናቴ ራሷ እኮ በእፍኝህ ውሃ ታፈስልህ ነበር፣ ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም» አለኝ።

ከዚያ ዝም አለ። የያዘውን ሲኒ እያገላበጠ ያየዋል፣ ከላይ ያየዋል፣ ከሥር ያየዋል። የልጅ ልጄ የቀዳችለት ከኔ ጋር ከአንዱ ረከቦት ነበር። ቡናው የቀዘቀዘበት መስሎኝ ሌላ ቅጂለት አልኳት። እሱ «አይ፣ ይሄው ይበቃኛል» ብሎ ጠጣው። ልጅቷ ግን እኔን እንዴት እንዳየችኝ! ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሜሪካኖቹማ ይህን ነገር ፍርድ ቤት ሲያመላልሱት ኖረዋል ትለኛለች። ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960 አራት ጥቁር ተማሪዎች ምሳ መሸጫ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አንነሣም አሉ፤ በ1964 ሕግ ወጣና ምግብ ቤትና ሆቴል በቀለም መከልከል ቀረ። በኋላ ደግሞ ኮሎራዶ ያለ አንድ ኬክ ጋጋሪ ለሁለት ወንዶች ሠርግ ሃይማኖቴ አይፈቅድም አልጋግርም ብሎ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰባት ለሁለት ፈረዱለት፤ ግን የፈረዱለት የግዛቱ ኮሚሽን እምነቱን አቃሎ ስላየበት ነው፣ ዋናውን ጥያቄ ለሌላ ቀን አቆዩት። ስለ ሠርጉ እኔን አትጠይቁኝ፣ ስለ ዳኞቹ ግን እናገራለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሟግቶ «ለሌላ ቀን»! ባለጠጅዋ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር፤ ኬኩ ገና አልደረሰም።

እኔ እንኳ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ውስጥ ስሠራ አንድም ሰው ከልክዬ አላውቅም። ስኳር በካርድ ነበር። ሰልፍ ላይ ያስቀየመኝ ሰው ተራው ሲደርስ «አልቋል» እለዋለሁ። አልቋል ማለት መከልከል አይደለም፤ አልቋል ማለት አልቋል ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸው። ሰው ፊት በር ከፍቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ በመስታወት ላይ የጻፈ ነጋዴ፣ የመጣለትን ሰው በልብሱ፣ በመልኩ፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ሊመልስ አይገባም፤ ከመለሰ ይቀጣ። ያ ካፌ ጋቢዬን ያስገባ፤ ዱላዬንም ያስገባ። ቤቱ የኔ ነው አይበለኝ፣ ደጁ የሁላችን ነው። ይህን ለልጅ ልጄ አስጽፌ ለሚመለከተው ክፍል አስገባለሁ። እናንተም የኔ ቢጤዎች በየሰፈራችሁ እንዲህ አድርጉ፣ አትፍሩ፣ ሕጉ ከኛ ጋር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከግቢዬ ጀርባ አንድ ክፍል የሚከራይ አለ። ውሃና መብራት አለው። ተማሪ አልፈልግም፣ ያመሻሉ። ወንደላጤም አይሆንም፤ ሴት ብቻዋን ከሆነችም እንዲሁ። ልጅ ያለው ይቅር፣ ይጮኻል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚጠብስ ከሆነ ጭሱ ስለሚረብሸኝ አይምጣ። የት አገር ሰው እንደሆነና አባቱ ማን እንደሆነ ይነገረኝ። ያ የኪራይ አዋጅ ሁለት ዓመት ማስወጣት አይቻልም ስላለ ነው እንጂ በሌላ አይደለም። የማልፈልገው ሰው ቢመጣ ደግሞ እንደዚያ እንደ ዘበኛው ፊቱን አላጠቁርም፤ ገብቶ ቡና ይጠጣል፣ ጤናውን እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ ትናንት ተይዟል እለዋለሁ።